የፀሐይ መብራት በባላገር ቤት፤ የሚለውጠውና የማይለውጠው

ስለ ኤሌክትሪክ ኃይል በሚነገርበት ጊዜ በአገራችን በመጀመሪያ የሚታሰበው ግድብ ነው። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህም የፊንጫና የጊቤ፣ የሌሎችም ወንዞች ውኃ ተራ በተራ እየተገደበ ኃይል ሰጠ፤ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ከግድቡ የመነጨው ኃይል በምሰሶና በሽቦ ተጉዞ ከገበሬው ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ረዥም ጊዜ ይወስዳል፤ ቤቱ በኮረብታና በገደል መካከል ተበታትኖ ለሚኖረው ባላገርማ ምሰሶው መቼ እንደሚደርስለት አይታወቅም።

መንግሥትም ራሱ ይህን ስለ ተረዳ፣ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ፕሮግራም ሕዝቡ ሁሉ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ሲያቅድ 65 ከመቶው በዋናው መሥመር፣ 35 ከመቶው ግን ከመሥመር ውጭ በሆነ ዘዴ፣ ይልቁንም በፀሐይ ኃይል እንዲያገኝ አስቦ ነበር። የተቀጠረው ዓመት ደረሰ፤ ሥራው ግን አላለቀም። ስለዚህ በብዙ የገጠር ቤት ሌሊቱን የሚያበራው ወይ ኩራዝ ነው፣ ወይ የባትሪ መብራት ነው፣ ወይም ደግሞ በጣራ ላይ የተሰቀለ አነስተኛ የፀሐይ ሰሌዳ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት አነጋገር በተማሪዎች መካከል ስለምንሰማ ነው። አንደኛው ወገን «ሶላር ከገባ የገጠሩ ኑሮ ተለወጠ ማለት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ይህ ለድኻ የሚሰጥ መጫወቻ ነው፤ እውነተኛው ኤሌክትሪክ ከግድብ የሚመጣው ነው» ይላል። እኛ ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ሒሳቡን ሳይሠሩ የሚናገሩ መስሎ ስለ ታየን፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ ተነሣን። ለምሳሌም የምንወስደው ጫጫንና አካባቢዋን ነው።

ጫጫና ደጋው

ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ሊደርሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኝ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ ናት። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የተወለዱበት አንጎለላ በዚሁ ወረዳ ውስጥ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል፤ በግና ከብት ይረባበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርዳል፤ በክረምት ጭጋጉና ጭቃው ብርቱ ነው። ጥቂት ወደ ሰሜን የምትገኘው ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከሰማይ ከታየው ብርሃን እንደ ሆነ በታሪክ ይነገራል።

በመንገዱ ዳር ያለው የከተማ ሰው ቢቋረጥበትም ቢመጣለትም ምሰሶ አለው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድና ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬደው አገር ግን ሌላ ነው። የሽቦውን መስመር ከሩቅ ያየዋል፤ ነገር ግን ከራሱ ላይ አልፎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ነው የሚያየው። የፀሐይ ሰሌዳ በዚህ አገር ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሰሌዳው እንዴት ይሠራል?

የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራው ሲሊከን ከሚባል፣ በአሸዋ ውስጥ በብዛት ከሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። ሲሊከኑ ከተጣራ በኋላ በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጥና ሌላ ነገር በጥቂቱ እየተጨመረበት ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ንብርብሮች ይበጁለታል። ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነቀላሉ፤ የሁለቱ ንብርብሮች መጋጠሚያም ወዲያና ወዲህ እንዳይባክኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳቸዋል። ይህ ንዳት በሽቦ ሲያልፍ ኤሌክትሪክ ሆነ ማለት ነው። የሚዞር ጎማ የለም፤ የሚቃጠል ነዳጅ የለም፤ ድምፅም የለውም።

ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስነሣ እንደሚችል የፈረንሳዩ ሊቅ ቤክሬል በ1839 (እ.ኤ.አ.) አስተውሎ ነበር። ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሰሌዳ ግን የተገኘው በ1954 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በቻፒን፣ በፉለርና በፒርሰን ድካም ነው። ያ ሰሌዳ ካረፈበት ብርሃን ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዋጋውም የማይቀመስ ስለ ነበረ በመጀመሪያ ያገለገለው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ወደ ሰማይ እንደ ተላከችው እንደ ቫንጋርድ 1 ላሉ ሳተላይቶች ነው። ዛሬ ግን በገበያ የሚገኘው ደህና ሰሌዳ ከ20 ከመቶ በላይ ይለውጣል፤ ዋጋውም በጣም ከመውደቁ የተነሣ ለሳተላይት የተሠራው ነገር በሣር ቤት ጣራ ላይ ለመሰቀል በቃ።

በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። በደጋው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለ። ብዙ ሰው ሰሌዳ በሙቀት የሚሠራ ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም፤ የሚሠራው በብርሃን ነው። እንዲያውም ሲሞቅ ይደክማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት ከኃይሉ ከመቶ ግማሽ ያህል ይቀንስበታል። ስለዚህ በጥር ወር ብርዱ ሰውን በሚያንቀጠቅጥበት በጫጫ ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ስትወጣ፣ ሰሌዳው በቆላ ካለው ወንድሙ ይበልጥ ይሠራል።

አሰቃቀሉም ዘዴ አለው። ጫጫ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ስለዚህ ሰሌዳው ጥቂት ዘንበል ብሎ ወደ ደቡብ ቢያይ መልካም ነው። ጨርሶ አግድም ቢተኛ አቧራና የወፍ ኩስ ይቆይበታል፤ ዘንበል ሲል ግን ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል። የባሕር ዛፍ ጥላ እንዳያርፍበትም መጠንቀቅ ይገባል፤ በአንዱ ጥግ ያረፈ ጥላ የሰሌዳውን አብዛኛውን ኃይል ሊያጠፋው ይችላልና።

የአንድ ቤት ሒሳብ

ከሰሌዳው ቀጥሎ ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ባትሪ ነው፤ የቀኑን ኃይል ለሌሊት ያስቀምጣል። ሁለተኛው በመካከል ሆኖ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ጨርሶም እንዳይሟጠጥ የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ነው። ከዚህ ሌላ ሽቦ፣ ማብሪያ ማጥፊያና አምፑል ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 10 ዋት የሆነች ትንሽ ሰሌዳ በበጋ ቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብታገኝ 50 ዋት ሰዓት ትሰጣለች። በባትሪና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ በእጃችን የሚገባው 35 ዋት ሰዓት ያህል ነው። 1 ዋት የሆኑ 4 አምፑሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ 16 ይበላሉ፤ ትንሽ ራዲዮ ለ6 ሰዓት ቢከፈት 6 ይበላል፤ አንድ ተራ ሞባይል ለመሙላት 4 ያህል ይበቃል። ድምሩ 26 ነው። እንግዲህ በበጋ ይተርፋል።

በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ገቢው በግማሽ ቢወርድ 17 ወይም 18 ዋት ሰዓት ብቻ ይገኛል። 26 የለመደው ቤት ያን ጊዜ ይጎድልበታል። ወይ ሁለቱን አምፑል ማጥፋት፣ ወይ ራዲዮውን ማሳጠር ግድ ነው። 12 ቮልትና 18 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ሲሞላ 216 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወጣ ስለሚሻል፣ ያለ ፀሐይ ለ4 ቀን ያህል ያቆያል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ጭጋግ ቢቆይ ቤቱ ይጨልማል።

ይህን ሒሳብ የዘረዘርነው በቁጥር ለመራቀቅ ብለን አይደለም። ገበሬው የጎተራውን እህል እስከሚቀጥለው መኸር ለማድረስ እንደሚያሰላ፣ የፀሐይ መብራት ያለው ቤትም ብርሃኑን እንዲሁ ማስላት ስላለበት ነው። በከተማ ሰው ዘንድ ኤሌክትሪክ ወይ አለ፣ ወይ የለም። በሶላር ቤት ግን ኤሌክትሪክ የሚቆጠብ ስንቅ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ «ተታለልሁ» ይላል፤ አይፈረድበትም።

የሚለውጠው

በመጀመሪያ የሚለወጠው ምሽቱ ነው። በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት ጥቂት ነው የሚቀራቸው፤ በጫጫ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ጨለማ ነው። የኩራዝ ብርሃን 10 ሉመን ያህል ቢሆን ነው፤ 1 ዋት የሆነች ዘመናዊ አምፑል ግን 100 ሉመን ያህል ትሰጣለች። በኩራዝ ዘመን ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንዲት ነበልባል ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ልጁ መጽሐፉን ወደ ኩራዙ ያስጠጋል፣ እናቲቱ ወጥ ለማየት ታነሣዋለች፣ ልጁም በጨለማ ይጠብቃል። ከመካከላችን ለመልቀቂያ ፈተና በኩራዝ ያጠናን ስላለን፣ ጧት ሲነቁ ከአፍንጫ የሚወጣው ጥላሸት ምን እንደሚመስል ለማንም መግለጽ አያስፈልገንም። አሁን ግን ብርሃኑ በየቦታው ተከፋፍሎ ስለሚሰቀል ወጡም መጽሐፉም በአንድ ጊዜ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ፍርሃት ይቀንሳል። ኩራዝ ሲወድቅ ስንት ቤትና ስንት ሕፃን እንደሚያቃጥል በገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በ12 ቮልት የሚሠራ መብራት ቢወድቅ አያቃጥልም፣ ሽቦውም ቢነካ ሰው አይገድልም። በበረቱ ደጃፍ አንዲት አምፑል ስትሰቀል ጅቡም ሌባውም ይሸሻል፤ በግ በሌሊት ስትወልድም ግልገሉ በብርድ ሳይሞት ይደረስለታል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ አወጣጡ ይለወጣል። ለነጭ ጋዝና ለራዲዮ ድንጋይ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተባለ የሚወጣው ገንዘብ በዓመቱ ሲደመር ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ የሞባይል ጉዳይ አለ። ሶላር የሌለው ሰው ስልኩን ለማስሞላት የገበያ ቀን ጠብቆ ወደ ከተማ ይዞ ይወርዳል፤ ለሱቁ ባለቤት ይከፍላል፤ እስኪሞላም ይቀመጣል። ስልኩ በመካከል ከሞተ አዲስ አበባ ያለው ልጁ ቢደውልም አያገኘውም፤ የበግና የገብስ ዋጋም ሳይጠይቅ ወደ ገበያ ይሄዳል። በቤቱ ሲሞላ ግን ዋጋውን ከቤቱ ሆኖ ይጠይቃል፤ ለጎረቤትም ይሞላል። በብዙ መንደር ሶላር በመጀመሪያ የተወደደው ከመብራቱ ይልቅ ለስልኩ ሲባል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አራተኛ፣ በቤት ውስጥ አዲስ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የኃይሉ አዛዥ ማን ነው የሚለው ነው። አባወራው ራዲዮ ይወዳል፤ ጎረምሳው ስልኩን ይሞላል፤ ልጅቱ ማጥናት ትሻለች፤ እናቲቱ በማድ ቤት ብርሃን ያስፈልጋታል። 35 ዋት ሰዓት ግን ለሁሉም አይበቃም። አብዛኛውን ጊዜ የማድ ቤቱ አምፑል መጨረሻ የሚሰቀለው፣ ኃይል ሲያንስም መጀመሪያ የሚጠፋው ሆኖ ይገኛል። ስለ ሴቶች መብት በየስብሰባው የምንናገር ተማሪዎች ይህን የመሰለውን ነገር ልብ ብለን ማየት ይገባናል፤ እኩልነት የሚለካው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ አምፑሉ የት እንደ ተሰቀለም ይለካል።

ደግሞም ብርሃን ለሁሉም ዕረፍት አያመጣም። ለተማሪው የጥናት ሰዓት ይጨምርለታል። ለእናቲቱ ግን የሥራ ሰዓት ይጨምርባት ይሆናል። ድሮ ሲጨልም የሚቆመው መፍተል፣ እህል መልቀምና ማበጠር አሁን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። አንዲት እናት «መብራቱ ዐይኔን አሳረፈው፤ እጄን ግን አላሳረፈውም» ብትለን ምን ብለን እንመልስላታለን?

የማይለውጠው

በደጋው ሸዋ እንጨት ብርቅ ነው። ምድጃው የሚነደው በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ኩበት የሚሆነው ፍግ ደግሞ ማሳውን ማዳበር የነበረበት ነው፤ ስለዚህ እሳቱ በነደደ ቁጥር የመሬቱ ጉልበት አብሮ ይነዳል። ጪሱም በማድ ቤት የምትውለውን ሴትና በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጪስ የተነሣ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ገምቷል።

ታዲያ ሶላሩ ይህን አያስቀርም ወይ? ሒሳቡ ይመልስልን። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ለአንድ ሰዓት እንጀራ ቢጋገርበት 3,500 ዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 10 ዋት የሆነችው ሰሌዳችን ደግሞ በቀን 35 ዋት ሰዓት ትሰጣለች ብለናል። ስለዚህ አንድ ቀን እንጀራ ለመጋገር የ100 ቀን ፀሐይ ማጠራቀም ያስፈልጋታል! ወፍጮውም እንዲሁ ነው፤ ገብሱ አሁንም በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ተጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ውኃውም ከምንጭ በጀሪካን ይቀዳል።

እንግዲህ «ሶላር ከገባ የገጠሩ ኑሮ ተለወጠ» የሚለው ወገን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። የተለወጠው ምሽቱ ነው፤ ማድ ቤቱ አልተለወጠም። ለማድ ቤቱ የተሻሻለ ምድጃ፣ ለወፍጮውና ለውኃው ደግሞ ዋናው መሥመር ወይም መንደሩ በጋራ የሚተክለው ትልቅ የፀሐይ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ይህም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1985 (እ.ኤ.አ.) በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር ለ300 ቤተ ሰብ ያህል 10.5 ኪሎ ዋት የሆነ የጋራ የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ ነበር፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ወደ 30 ኪሎ ዋት ያደገውም የውኃ መሳቢያና ወፍጮ ለማንቀሳቀስ ነው። በየቤቱ የሚሰቀለው ያበራል፤ በጋራ የሚተከለው ይፈጫል፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

«የድኻ መጫወቻ ነው» ለሚለው ወገን ያለን መልስ ደግሞ አጭር ነው። ምሰሶው እስኪደርስ ድረስ ልጆች ማደጋቸውን አያቆሙም። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል የሚፈተነው ልጅ የዛሬ 10 ዓመት የሚመጣውን መብራት ሊያጠናበት አይችልም።

ከሬማ የምንማረው

ለዚህ ሁሉ ምስክር የሚሆን መንደር በዚሁ በሰሜን ሸዋ አለ፤ ስሙ ሬማ ይባላል። ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ መቀመጫው በጀርመን አገር የሆነ የፀሐይ ኃይል ድርጅት በሬማና በአጠገቡ ባለው መንደር ከ2,000 በላይ የቤት የፀሐይ መብራቶች ተከለ። መሣሪያዎቹ ከላይ ሒሳቡን እንደ ሠራንላት ሰሌዳ 10 ዋት የሆኑ፣ 4 አምፑል የሚያበሩ ነበሩ። ድርጅቱ ስለዚህ ሥራው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት አገኘ።

ለእኛ ግን ከሰሌዳው ብዛት ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር በሬማ የሶላር ትምህርት ቤት መከፈቱ ነው። የአገሩ ወጣቶች መግጠምና መጠገን እየተማሩ የሚወጡበት ቦታ ተበጀ ማለት ነው። ሰሌዳ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ሲሆነው ይሞታል፤ ሽቦውን አይጥ ይበላዋል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ይላላል። በአቅራቢያው የሚጠግን ሰው ከሌለ፣ በሁለት ብር ሽቦ የሚድነው መሣሪያ ለዘላለም ጨለመ ማለት ነው።

ከውጭ አገርም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ባንግላዴሽ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ከ4 ሚሊዮን በላይ የቤት የፀሐይ መብራቶችን በገጠሯ አዳርሳለች። ይህ ሊሆን የቻለው ገበሬው ዋጋውን በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍል፣ የሸጠለትም ድርጅት እየተመላለሰ እንዲጠግንለት በመደረጉ ነው። ጎረቤታችን ኬንያም በሞባይል ስልክ በየቀኑ ሳንቲም እየከፈሉ መሣሪያውን የራስ የማድረግን ዘዴ አስፋፍታለች። ከሁለቱም የምናየው ሶላር የሚስፋፋው በብድርና በጥገና ትከሻ ላይ ሆኖ እንደ ሆነ ነው።

ሲገዙ መጠንቀቅ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በገበያ ላይ የሚታየው ሁሉ ሶላር አይደለም ብንል አይከፋም። ከቤተ ዘመዶቻችን መካከል በገበያ ቀን ከአንድ ነጋዴ ርካሽ መብራት ገዝተው፣ ገና ክረምቱ ሳይወጣ የጨለመባቸው አሉ። ጉዳቱ በገንዘቡ ብቻ አያበቃም፤ የአንዱ መብራት ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ «ሶላር ውሸት ነው» ብሎ ወደ ኩራዙ ይመለሳል። ስለዚህ ለገበሬው ቢነገረው የምንወድደው ይህ ነው።

አንደኛ፣ የጥራት ምልክቱን መጠየቅ። የዓለም ባንክ ቡድን «ላይቲንግ አፍሪካ» በተባለው ሥራው የጀመረው የጥራት መመዘኛ አለ፤ ያን ምርመራ ያለፈው ዕቃ ከተራው ይለያል። ሁለተኛ፣ የዋስትና ወረቀት ሳይቀበሉ ገንዘብ አለመቁጠር፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ልጁን ይዞ ይሂድ። ሦስተኛ፣ የሰሌዳውን ዋት ብቻ ሳይሆን የባትሪውን መጠንና ዓይነት መጠየቅ፤ ሊቲየም የተባለው ባትሪ ከእርሳሱ ይወደዳል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል። አራተኛ፣ ተቆጣጣሪውን አልፎ ሽቦን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አለማገናኘት፤ ባትሪ ከሚገደልባቸው መንገዶች ዋነኛው ይህ ነውና። አምስተኛ፣ የሞተ የእርሳስ ባትሪን በማሳና በምንጭ አጠገብ አለመጣል፣ ሕፃናትም እንዲሰብሩት አለመፍቀድ። በውስጡ ያለው አሲድ ያቃጥላል፤ እርሳሱም የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ወደ ገዛበት ቢመልሰው ግን ዋጋ አለው።

የእኛ ድርሻ

የማኅበራችን አባሎች ብዙዎቻችን ለክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን እንሄዳለን። ያ ወራት ደግሞ ከላይ እንዳየነው የፀሐይ መብራት የሚፈተንበት ወራት ነው። እንግዲህ በዚህ ክረምት የምንሄድ ተማሪዎች በየመንደራችን ስንት መሣሪያ እንደሚሠራ፣ ስንት እንደ ጨለመ፣ የጨለመውም በምን ምክንያት እንደ ሆነ በማስታወሻ ደብተር ጽፈን ብንመለስ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚቀርብ ቁም ነገር ይወጣዋል። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ሽቦና መፈተሻ መሣሪያ ይዘው ቢሄዱ ብዙ ቤት ወዲያው ይበራል። የሌላው ክፍል ተማሪዎችም ቢሆኑ ሒሳቡን ለቤተ ሰባቸው ማስረዳት አያቅታቸውም፤ መደመርና መቀነስ ብቻ ነውና።

በተለይም በየወረዳው ከተማ፣ በጫጫም ጭምር፣ ሁለት ወይም ሦስት ወጣቶች የሶላር ጥገና ተምረው የሚሠሩበት ትንሽ ሱቅ እንዲከፈት ከወረዳው ባለ ሥልጣኖች ጋር መነጋገር ይገባናል። ከእነዚያ ወጣቶች አንዷ ሴት ብትሆን ደግሞ የማድ ቤቱ አምፑል የሚገባውን ቦታ ሳያገኝ አይቀርም።

ምሰሶው ይምጣ፤ እኛም እንዲመጣ ከመጠየቅ አንቦዝንም። እስኪመጣ ድረስ ግን በየጧቱ ከአንኮበር ተራራ በስተኋላ የምትወጣውን ፀሐይ ያለ ሥራ ማሳለፍ አይገባም። ይህን ክረምት ወደ ባላገር የሚሄድ አንባቢ ሁሉ ቢያንስ አንዲት የጨለመች አምፑል ለምን እንደ ጨለመች መርምሮ ይመለስ። የሚያገኘውን በጽሑፍ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።